የሚያነብለት ያጣ ለፋፊ

ዓመቱ ሁለት ሺህ አስራ ስድስት ነበር፤ እኔ ሰባ አንድ ሞልቶኛል። በሐምሌ መጀመሪያ ልጄን ቀበርኩ። ይሄን የምጽፈው ግን ስለ ቀብሯ አይደለም። አንዲት ሴት ያንን ሞት ሳትሰማ ስለቀረችበትና እሷን ለማግኘት ስል ከኮምፒውተር ጋር ስለታገልኩበት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ሳልጨርስ። የሚያነብ ሰው ይታገሰኝ።

የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት በማለዳ እነሳና በየቅያሱ እየዞርኩ ጥሩምባዬን ነፍቼ የሟቹን ስም፣ የቤተሰቡን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት እለፍፋለሁ። ከሰላሳ ዓመት በላይ ይሄው ነው ስራዬ። ቀን ቀን ደግሞ ጉልበቴ እስኪከዳኝ አትክልት ተራ ሽንኩርት ሳራግፍ ኖሬያለሁ። ወረቀት ይዤ ለፍፌ አላውቅም። እኔ ወረቀት አንብቤ እስክጨርስ ሟቹ ይቀበራል። ድሮ የእድሩ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ ይነግረኝና በቃሌ እይዘው ነበር። ልጄ ፊደል ስትለይ ይሄን ስራ ነጠቀችው። ገና ሁለተኛ ክፍል ሆና ዓይኗን እያሻሸች ትነሳና ጸሐፊው የላከውን ብጣሽ ወረቀት ታነብልኛለች።

"አባዬ፣ ድገመው" ትለኛለች።

እደግመዋለሁ። ከተሳሳትኩ አታስወጣኝም፤ በሩ ላይ ትቆማለች። ትልቅ ሰው ሆና፣ መስሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ የምትሰራ ሆናም አልተወችውም።

እናቷ በወለደቻት በሳምንቱ ሞተች። ልጅቷን ያተረፈቻት ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። የወሎ ሴት ናት፤ ሙስሊም። እሷም በዚያው ወር ወንድ ልጅ ተገላግላ ነበር። ሕፃኗን አቅፌ ደጃፏ ላይ ስቆም ምንም አልጠየቀችኝም። "አላህ ሁለት ጡት የሰጠኝ ለሁለት ነው። አምጣት" አለችኝ። ሰጠኋት። እስክትጠግብ አጠባቻት፤ እስክትጠና አሳደገቻት። ልጄ ማተብ አስራ፣ ለኢድ ደግሞ እሷ የሰፋችላትን ቀሚስ ለብሳ ነው ያደገችው። እማ የምትለው እሷን ነው። ሌላ እናት የት ታውቅና።

ከሁለት ዓመት በፊት ሰፈሩ ተነሳ። እኔና ልጄ አፍንጮ በር በኩል ሁለት ክፍል ተከራየን። የጡት እናቷ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ልጇ አረብ አገር ነው፤ እሷ ብቻዋን ገባች፤ እግሯም ደረጃ አልወደደላትም። የእድሩ ሰው አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ ተበተነ። እድሩ አልፈረሰም፤ ማፍረሱን ማንም በአፉ ሊያነሳው አልደፈረም። ግን ጥሩምባዬ ማን ጋ ይድረስ? ሰው ሞቶ ከፒያሳ እስከ አፍንጮ በር ነፍቼ ስመለስ፣ የሰማኝ የባንክ ዘበኛና የቡና ቤት ጠራጊ ብቻ ይሆናል።

በዚህ ምክንያት ነው ልጄ በኮምፒውተር የሚከፈት የእድር መዝገብ፣ እሷ ገጽ የምትለውን፣ የሰራችው። ቤታችን ባለው ኮምፒውተሯ ላይ የእድሩን አባል በሙሉ፣ ቤተሰብ በቤተሰብ አስገባችው፤ ማን የት እንደሄደ፣ ብሎኩን፣ ፎቁን፣ ስልኩን። የሟች ስም ሲጻፍበት ለማን መነገር እንዳለበት ዘርዝሮ ያወጣል። እሷ ትደውላለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። ደስ አላለኝም።

"ና ላሳይህ። እኔ ስራ በምሆንበት ቀን ራስህ ትከፍተዋለህ" አለችኝ።

"እኔ የለመድኩት የጥሩምባዬን ብረት ነው። ይሄ ሳጥን የኔ ነገር አይደለም" አልኳት።

"ሳጥኑ እኮ አንተን ነው የሚመስለው። እዚህ ውስጥ ሰርቨር የሚባል አለ። ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲጠሩት ይለፍፋል። ግን የኔን ጽሑፍ ማንበብ አይችልም። ፒ ኤች ፒ የሚባለው ያነብለታል፤ ያነበበለትን ይዞ ይወጣል። ምን ይከብዳል?"

"እና እኔ መሃይም ነኝ ማለትሽ ነው?"

ሳቀች። "እኔ ፒ ኤች ፒ ነኝ ማለቴ ነው" አለችኝ።

አልተማርኩም። ዛሬ ነገ እያልኩ ገፋሁት። በመጨረሻ ታመመች፤ በዚያ እግሯ ደረጃ እንዳትወርድ ብላ ለእማዋ አልነገረቻትም። ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለ አንድ ደብተር አስገዛችኝና ትጽፍበት ጀመር። የመስሪያ ቤቷን ጉዳይ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ስትሰጠኝ፣ "ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ይሄን ተከትለህ እንደገና ትተክለዋለህ" አለችኝ። ተቀብዬ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወርኩት። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች።

የሞተች ለት የሆነውን ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም። በእኛ ልማድ ሰው ሲሞት ለቀስተኛ የሚቀመጥበት እንዲገኝ የቤቱ እቃ ይወጣል። የእድሩ ሰዎች አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ጠረጴዛውን ተሸክመው አወጡ፤ የቀረበውን ጎረቤት ቤት አስገቡት። ኮምፒውተሩን አጥሩ ሥር አስቀመጡና ሸራ ጣል አደረጉበት። ድንኳኑ ሲተከል ሸራው ያስፈልግ ነበርና አንዱ አነሳው። ሐምሌ ነው። ዝናቡ ወረደበት። ለእሷ ሐዘን ቦታ ስናበጅ የእሷን እጅ ሥራ ዝናብ ላይ ጣልነው። ያየው ሰው አልነበረም፤ እኔም በዚያ ቀን ምኑን አያለሁ። ጥሩምባዬን የእድሩ ዳኛ ወሰደው። እሱ ነፋ። አንድ ጊዜ ብቻ ነፍቶ ደከመው አሉኝ።

ቀብሯ ላይ የቆመው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። የጡት እናቷ አልነበረችም። ስልኳን ቀይራለች፤ አዲሱን የምታውቀው ልጄ ብቻ ናት። የልጄ ስልክ ደግሞ በጣቷ በምትስለው ሥዕል የተቆለፈ ነው፤ ሥዕሉን ይዛው ሄደች። ባትሪው አልቆ ከጠፋ በኋላ ሲሙም የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል፤ የሚደውልም አያገኘው። የቀረው ያ ገጽ ነበር፤ እሱም በሰበሰ።

ከሳልስት በኋላ የጡት እናቷን ፍለጋ ራሴ ወጣሁ። እቃዋን ያጓጓዝን ለት አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፤ አገኘዋለሁ ብዬ። ብሎኩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አንዲት የወሎ ሴት፣ እግሯን የሚያማት እያልኩ ስጠይቅ ዋልኩ። ማንም ማንንም አያውቅም። ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ ሁለቴም ባዶ እጄን ተመለስኩ።

እንቅልፍ የነሳኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ልጄ በየአስራ አምስት ቀኑ እሑድ እየሄደች ትጠይቃት ነበር። ጸጉሯን ታበጥርላታለች፤ መድኃኒቷን ትገዛላታለች። አሁን አንድ እሑድ አለፈ፤ ሁለት አለፈ፤ ሦስት አለፈ። ያቺ ሴት ከፎቅ ላይ ቁጭ ብላ፣ "ልጄ ረሳችኝ" ትላለች። ልጄ ደግሞ ረስታ አታውቅም።

አርባው ካለፈ በኋላ ኮምፒውተሩን በጆንያ አድርጌ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ወዳለ ጠጋኝ ወሰድኩት። አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ ምላሱ የአራዳ ልጅ ምላስ ነው። ገልብጦ ሲያየው ውሃ ጠብ አለ።

"ጋሼ፣ ይሄን ኮምፒውተር አጥምቀውታል እንዴ?"

"አትቀልድ።"

ፊቴን አየና መፍቻውን አነሳ። በበነጋው ስመለስ አካሉ ሞቷል፣ ሆዱ፣ ጽሑፉ የሚቀመጥበት ዲስክ ግን ተርፏል አለኝ። የልጄን ሥራ ከውስጡ አውጥቶ ሌላ ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦታል። ዊንዶውሱ አዲስ ነው።

"ታዲያ ክፈተው" አልኩት።

"አይከፈትም። ዊንዶውሱ ዌብ ሰርቨር በሆዱ አለው፤ ግን ተኝቷል፤ መቀስቀስ አለበት። ፒ ኤች ፒም የለውም፤ መጫን አለበት። ስሞቹ ያሉበትን ፋይል እንዲሁ ስከፍተው ይኸውልዎት።" አሳየኝ። ጭረትና ሳጥን፣ ሳጥንና ጭረት። "ይተዉልኝ፤ ለነገ አደርሰዋለሁ።"

እዚህ ላይ ያደረግኩትን አልደብቅም። "አይሆንም" አልኩት። "ልጄ ጽፋልኛለች። እኔ ነኝ የምተክለው።"

"ጋሼ፣ እንግሊዝኛ ይችላሉ?"

"አልችልም።"

"ኮምፒውተር ነክተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ለመስቀል ይደርስልዎታል" አለኝ።

ፒ ኤች ፒው ያለበትን ፍላሽ ሰጠኝ፤ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ወጣሁ። ለእሱ ትቼለት ቢሆን መርዶው ሦስት ቀን ቀድሞ ይደርስ ነበር። አውቃለሁ። ግን ያቺ ልጅ በሕይወት እያለች "ና ላሳይህ" ስትለኝ አልሄድኩላትም። በሞቷ ደግሞ ደብተሯን ለሌላ ሰው ልስጥ? እልኸኛ ነኝ፤ የተፈጠርኩት እንዲህ ነው።

ከቁም ሳጥኑ ጋር ጎረቤት ቤት ገብቶ ከዝናብ የተረፈውን ደብተር ከፈትኩ። አባቷን ታውቀዋለች። አማርኛውን በትልልቁ፣ ፊደሉን ለያይታ ጽፋዋለች። የእንግሊዝኛውን ቃል ደግሞ እንደ ሥዕል ስላዋለች፤ በሥሩም "ይሄን የሚመስል ፈልግ" ይላል። እኔም አላነብም፤ እያመሳሰልኩ ነው የምሄደው። ጣቴን ደብተሩ ላይ፣ ሌላውን ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ።

የመጀመሪያው ቀን ሰርቨሩን በመቀስቀስ አለቀ። ዊንዶውሱ ውስጥ የተኙ ነገሮች ዝርዝር አለ፤ ከጎናቸው ባዶ ሳጥን። የሚፈለገው ላይ ምልክት ይደረጋል። "አባዬ፣ በውስጡ ሲ ጂ አይ የሚለውን ካልነካህ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ፒ ኤች ፒ የሚገባበት በር እሱ ነው" ብላ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። አገኘሁት። ነካሁት። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና ጨረሰ። ደብተሩ እንዳለኝ አድራሻውን ስጽፍ ሰማያዊ ገጽ ወጣ። በብዙ አገር ቋንቋ እንኳን ደህና መጣህ የሚል ነው አሉኝ በኋላ። አማርኛ አጣሁበት።

በሁለተኛው ቀን ፒ ኤች ፒውን ከፍላሹ አወጣሁት። ዋናው ዲስክ ላይ የራሱን ፎልደር ሰራሁለት። ከዚያ ስሙ ረጅም የሆነ ፋይል አለ፤ የስሙን ጭራ መቁረጥ ነው። ከፍቼ ስገባ መስመሩ አያልቅም። "ስሙ ይሄን የሚመስለው መስመር ፊት ነጥብና ጭረት አለች፤ እሷን ብቻ አጥፋ። እሷ እያለች መስመሩ ዲዳ ነው" ይላል። ያችን መስመር ስፈልግ ከሰዓት ሆነ። ዓይኔ ውሃ ያዘ። ሽንኩርት ሳራግፍ እንኳ እንደዚያ ውሃ አልያዘም። አገኘኋትና አጠፋኋት።

በሦስተኛው ቀን ሰርቨሩን ከሚያነብለት ጋር አስተዋወቅሁ። በዚህ በዚህ ፊደል የሚያልቅ ወረቀት ሲመጣብህ ራስህ አትንካው፣ ለዚህኛው ስጠው ብሎ ማዘዝ ነው። ኮከብ ምልክት፣ ነጥብ፣ ሦስት ፊደል። ከዚያ የፕሮግራሙን መንገድ። አንድ በአንድ ሥዕሎቿን አየሁ፤ አንድ በአንድ ጻፍኩ። የልጄን ፎልደር በቦታው አስቀመጥኩ። የደብተሩ መጨረሻ ላይ ደረስኩ። "አሁን ክፈተው። ሰላም ይልሃል" ይላል።

ከፈትኩት። ሰላም አላለኝም። ነጭ ገጽ፣ ቀይ ጽሑፍ፣ አምስት መቶ የሚል የስህተት ቁጥር።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩት። አምስት መቶ። እንደገና። አምስት መቶ። ከዚያ የማይባል ነገር ተናገርኩ። ብቻዬን ቤት ውስጥ፣ "ሳትጨርሺው ጥለሽኝ ሄድሽ!" ብዬ ጮህኩባት። የለፋፊ ድምፅ ነው ያለኝ፤ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ደብተሩን ዘጋሁት።

ወደ ጠጋኙ ወረድኩ።

"እህ ጋሼ፣ መስቀል ደረሰ እንዴ?" አለኝ። ከዚያ አምስት መቶ አለኝ ስለው ወንበር ሳበልኝ። "እሺ። ሰርቨሩን ይተዉት። ፒ ኤች ፒው ፎልደር ውስጥ ገብተው ራሱን ሁለቴ ይጫኑት። የሚያሳይዎትን ነገር ገልብጠው ያምጡልኝ።"

ዳገቱን ወጣሁ። ተጫንኩት። ትንሽ ሳጥን ብቅ አለ። የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ አንድ በአንድ ሳልኩት። ዳገቱን መልሼ ወረድኩ። ጠጋኙ ወረቀቱን ዞር ዞር አድርጎ አየውና እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

"ይቺ እኮ ፒ ኤች ፒው የሚቆምባት ነገር ናት። አዲስ ዊንዶውስ ላይ የለችም። የልጅዎ ኮምፒውተር ላይ ግን ከሌላ ነገር ጋር ድሮ ተጭና ነበር፤ ልጅዎ መኖሯንም ላታውቅ ትችላለች። እንዴት ብላ ትጽፍልዎታለች?"

"አልተሳሳተችም ማለት ነው?"

"የጻፈችው ሁሉ ልክ ነው ጋሼ። አንድም ስህተት የለው። እርስዎም ልክ ነዎት። እኔ አስር ደቂቃ በምጨርሰው ሦስት ቀን ፈጁ እንጂ።"

ያቺን ነገር የገለበጠበትን ፍላሽ ተቀብዬው ወጣሁ። ፍላሹን ጨብጬ ዳገቱን ስወጣ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። የድካም አልነበረም።

ፍላሹ ውስጥ ያለችውን ጫንኳት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። አድራሻውን ጻፍኩ። ገጹ ወጣ። የእድራችን ስም ከላይ፣ በአማርኛ። በሥሩ፣ "እንደምን አደርክ አባዬ። ማንን ልጥራልህ?" ይላል። ይሄን ሌላ ሰው እንዲያነበው አላዘጋጀችውም። ለኔ ነው። ለሁለት ዓመት እዚያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ከዚያ መፈለግ ጀመርኩ። አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ ስለማልችል ከላይ ወደ ታች፣ ቤተሰብ በቤተሰብ እየቆጠርኩ አነበብኩ። ስም ሁሉ ፊት አለው፤ ይሄ ልብስ ሰፊው፣ ይቺ ዳቦ ቤቷ፣ ይሄ እዳገቱ ላይ የነበረው። የጡት እናቷን ግን አጣኋት። ከዚያ ሰፈር ተነስተው ኮንዶሚኒየም ከገቡት ውስጥ ፈለግኩ፤ የለችም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን ለየኋቸው፤ የለችም። ፀሐዩ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልጄ ሳታስገባት ቀርታለች ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። የቀረኝ አንድ ቤተሰብ ብቻ ነበር፤ ሆን ብዬ የዘለልኩት። የራሴው ቤት።

ጫንኩት። አባት ይላል፤ ስሜ። እናት ይላል፤ የሚስቴ ስም፤ ጎኑ "ያረፉ"። ከዚያ እንደገና እናት ይላል። የእሷ ስም። ጎኑ "አሉ"። ብሎኩ፣ ፎቁ፣ የበሩ ቁጥር፣ ስልኩ። በሥሩ ልጅ ይላል። ጎኑ "አለች"።

በእድራችን ደንብ አባል የሆነ ሰው እናቱን በስሟ ያስመዘግባል። የጡት እናት የሚባል ቦታ የለም። ልጄ ደንቡን አላስለወጠችም፤ ማንንም አልጠየቀችም፤ እናት ብላ ጻፈቻት። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በጎረቤት ዝርዝር ውስጥ ስፈልጋት ነበር።

"አለች" የሚለውን "አረፈች" ማድረግ የኔ ስራ ነው። እንዴት እንደሚደረግ ደብተሩ ላይ አለ። አልነካሁትም። እናቷ ሳትሰማ አይነካም።

የእድሩ ዳኛ ጋ ሄጄ አድራሻውን አገኘሁ አልኩት።

"ስልክ አላት አይደል? ደውልላታ፤ ይብቃህ መንከራተቱ" አለኝ።

"አንተ ዳኛ ነህ፤ መርዶ በስልክ ይነገራል?"

አንገቱን ደፋ። "አይነገርም" አለ። "ስንት ሰዓት እንነሳ?"

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ፣ እህል ሳትቀምስ እንድንደርስ ብለን ወጣን። ጥሩምባዬን ምስማሩ ላይ ተውኩት። ብሎኩን፣ ፎቁን፣ የበሩን ቁጥር በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ያነበበችልኝ ልጄ ናት። ሁለት ታክሲ ቀየርን። ደረጃውን ቀስ ብለን ወጣን፤ ዳኛው ከኋላዬ ያቃስታል። የበሩን ቁጥር አየሁ፤ እሱ ነው። አንኳኳሁ።

ምርኩዝ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ ድምፅ፤

"መጣሁ፣ መጣሁ። አንቺ ነሽ ልጄ? ዛሬ እኮ እሑድ አይደለም!"

ሰላሳ ዓመት የለፈፈ ጉሮሮ ነው ያለኝ። ያን ጊዜ ግን ወደ በሩ ተጠግቼ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ዳኛው ትከሻዬን ያዘኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳት። "የልጅሽ አባት ነኝ። ክፈቺልኝ።"